ዲሲፕሊን ከንቃት ወይስ ከፍርሃት?

ስለ 1960ዎቹ ተራማጅ ድርጅቶች በሚነሣው ክርክር ሁለት አባባሎች ዘወትር ይደመጣሉ። አንደኛው፣ «ያ ትውልድ በድርጅት ዲሲፕሊን የታነጸ፣ ሲታዘዝ የማያንገራግር፣ ሲሞት የማያወላውል ትውልድ ነበር፤ የዛሬው ወጣት ያጣው ይህንኑ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው፣ «ልጆቹን ያስጨረሳቸው የፖለቲካ ትምህርቱ ራሱ ነው፤ ያንን መጽሐፍ ባይገልጡት ኖሮ አይተላለቁም ነበር» ሲል ይደመድማል። የመጀመሪያው አባባል ከቀድሞ አባላት ትዝታ፣ ሁለተኛው ከወላጆች ሐዘን የመነጨ በመሆኑ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ሸሽተውታል።

ዋናው ጥያቄ አባላቱ ተምረው ነበር ወይስ አልተማሩም፣ ታዘው ነበር ወይስ አልታዘዙም የሚል አይደለም። መማሩንም ተምረዋል፤ መታዘዙንም ታዘዋል። ጥያቄው፣ በተሰጠው ትምህርት ላይ የመጠየቅ፣ በተላለፈው ውሳኔ ላይ የመቃወም መብት የነበረው ማን ነበር? በክርክር የተሸነፈው አባልስ በማግሥቱ ምን ዕጣ ገጠመው? የሚል ነው። የአንድ ድርጅት ዲሲፕሊን የሚለካው አባላቱ አንድ ድምፅ ሆነው በሚያጨበጭቡበት ሰዓት ሳይሆን፣ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ እጃቸውን ለተቃውሞ በሚያነሡበት ሰዓት ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የኢትዮጵያ ሶሻሊስት ድርጅቶች ታሪክ፣ በሥልጣን ላይ የነበረውም ሆነ በኅቡዕ የነበረው፣ የዲሲፕሊን መጉደል ታሪክ ሳይሆን ዲሲፕሊን ከትምህርት ተነጥቆ ለፍርሃት የተሰጠበት ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

ሀ. በቦሌ የተበተነው ወረቀት

በመስከረም 1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጉባኤ አካሂዶ የዴሞክራሲ መብቶች እንዲከበሩ የሚጠይቅ ውሳኔ አወጣ። ማኅበሩ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር ማግሥት በተደረገው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ስሙን ያስጠራ ድርጅት ነበር። መስከረም 14 ቀን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ይህንኑ ጽሑፍ ለባልደረቦቻቸው ሲያድሉ የጸጥታ ኃይሎች ደረሱባቸው። አዳዩን ለመያዝ ሲሞከር ሠራተኞቹ ተከላከሉ፤ ወታደሮች ተኮሱ፤ የሞቱም የቆሰሉም ነበሩ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ መስከረም 19 ቀን፣ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማኅበሩም ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ።

የቦሌው ድርጊት ለዚህ ክርክር መነሻ የሚሆነው በጭካኔው ብቻ አይደለም። ወረቀት ማደል የፖለቲካ ትምህርት የመጀመሪያው ፊደል ነው። ሠራተኛው ያነበዋል፤ ይስማማበታል ወይም ይቀደዋል፤ ከጓደኛው ጋር ይከራከርበታል። ጽሑፉ ስሕተት ቢሆን እንኳ መልሱ ሌላ ጽሑፍ ነው። ሠራተኛውን የአብዮቱ መሪ ኃይል ብሎ የሰየመ መንግሥት ሠራተኛው ወረቀት ሲያነብ በጥይት ከመለሰለት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስተምረው ሁሉ አንድ ትምህርት ብቻ ይሆናል፦ ዝም ማለት።

በሌላው ወገንም ቢሆን ከዚያ መስከረም ሊቀሰም የሚገባው ትምህርት አልተቀሰመም። በማኅበሩ ስም የተላለፈው የአጠቃላይ ሥራ ማቆም ጥሪ በሠራተኛው ዘንድ ሰፊ ተከታይ አላገኘም። ጥሪውን ያረቀቁትና የደገፉት ወገኖች «ሠራተኛው ለምን አልተከተለንም?» ብለው መጠየቅ ይገባቸው ነበር። ጥያቄው በየመሠረታዊ ድርጅቱ ወርዶ፣ ተራው አባል ያየውን እንዲናገር ዕድል ቢሰጠው ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ በከተማ ትግል ስም የተወሰዱት እርምጃዎች ሌላ መልክ በኖራቸው ነበር። ይህ ሳይሆን ቀርቶ፣ ሕዝቡ ያልተከተለው ጥሪ በሌላ ጥሪ እየተተካ፣ የአባሉ ድርሻም ጥሪውን ማድረስ ብቻ ሆነ።

ለ. ትምህርት ቤቱና ወንበሩ

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት፣ 1968 ዓ.ም. የጥይት ዓመት ብቻ እንዳልነበረ ነው። በሚያዝያ ወር የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ካድሬዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበባት ተከፈቱ። በአዲስ ዘመን ጋዜጣም «አብዮታዊ መድረክ» በተሰኘው ዓምድ ስለ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥትና ስለ ዴሞክራሲ ገደብ በብዕር ስም የሚጽፉ ተከራካሪዎች ለጥቂት ወራት በግልጽ ተሟገቱ። ከዚያ በፊት ምሥጢር የነበረ ክርክር ለሻይ ቤት ደረሰ። በአገሪቱ የመጽሔትና የጋዜጣ ታሪክ እንዲህ ያለ ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህ በር ለምን ቶሎ ተዘጋ? ደርግ ዘጋው ቢባል እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በሩን የከፈቱት ድርጅቶች ራሳቸው የትምህርቱን ትርጉም አጥብበውት ነበር። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. በሃምቡርግ ተመሥርቶ ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» በመስጠት የሕዝብ ድርጅቱን ጽሕፈት ቤት በግንባር ቀደምትነት ይመራ ነበር። ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና ከደርግ መኮንኖች የተወለደው ሰደድ ደግሞ እያንዳንዳቸው በዚያው ጽሕፈት ቤትና በዚያው የፖለቲካ ትምህርት ቤት የራሳቸውን ሰው ለማስቀመጥ ይሽቀዳደሙ ነበር። ሠልጣኙ ስለ ትርፍ እሴት ሲማር፣ መምህሩ ደግሞ ሠልጣኙን በዓይኑ እየመዘነ «ይህ የማን ነው?» ሲል ያሰላ ነበር። ትምህርቱ የማሳመኛ ሳይሆን የመመልመያ መሣሪያ ሆነ። መመልመያ የሆነ ትምህርት ደግሞ ጥያቄን አይወድም፤ ጥያቄ የሚያበዛ ተማሪ የተቀናቃኝ ድርጅት አባል ሊሆን ይችላልና።

ቋንቋው ሳይቀር ለዚሁ ሥራ ዋለ። የዘመኑ ጸሐፊዎች ለአማርኛ ያበረከቱት ቀላል አልነበረም፤ ርዕዮተ ዓለም፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አድርባይ፣ ሒስና ግለ ሒስ የመሳሰሉት ቃላት ረቂቅ ሐሳብን በአገር ቋንቋ ለመወያየት ያስቻሉ የብዙ ሰዎች ድካም ፍሬዎች ናቸው። ነገር ግን ያው ቃል መታወቂያ ወረቀት ሆነ። በፋብሪካ ጉልበቱን ሽጦ ለሚያድረው ሰው ኢሕአፓ «ላብ አደር»፣ መኢሶንና አብረውት የተሰለፉት «ወዝ አደር» የሚለውን ቃል በመምረጣቸው፣ አንድ መምህር በክፍል ውስጥ አንዱን ቃል ሲናገር ድርጅቱን እንደ ተናገረ ይቆጠር ጀመር። ላቡም ወዙም የሠራተኛው ነበር፤ ሠራተኛው ግን በዚህ ክርክር ውስጥ አልነበረበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የስም ማውጣት ዘመቻ ነው። አንዱ ሌላውን «አናርኪስት» አለው፤ ሌላው በአጸፋው «ባንዳ» ሲል ሰየመው። እነዚህ ቃላት የሐሳብ መግለጫ መሆናቸው ቀርቶ የፍርድ ማጠቃለያ ሆኑ። አናርኪስት የተባለውን ሰው ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ባንዳ የተባለውንም እንዲሁ። በአገራችን የቆየው የሙግት ወግ «በላ ልበልሃ» ነው፤ ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ሸንጎው ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ይፈረዳል። ባላገሩ በዛፍ ጥላ ሥር ያከበረውን ይህን ሥርዓት፣ ባላገሩን ነጻ ሊያወጡ የተነሡት ድርጅቶች በጽሕፈት ቤታቸው ውስጥ ነፈጉት።

ሐ. «አንጃ»

በኅቡዕ የነበረው የኢሕአፓ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነበር የሚሉ ወገኖች አሉ። «ፓርቲው በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚመራ፣ ዕርማትና ግለ ሒስ የሚያውቅ ድርጅት ነበር፤ ጉድለት ቢኖር ከጠላት ከበባ የመጣ ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀና መንፈስ ሊመረመር ይገባዋል።

ፓርቲው በ1964 ዓ.ም. ተመሥርቶ ፕሮግራሙን በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ለሕዝብ ይፋ አደረገ። «ዴሞክራሲያ» የተሰኘው ልሳኑ በየቤቱ ሲገባ የሚያነበው ወጣት ሞትን ንቆ ነበር የሚያነበው። በከኮከበ ጽባሕም ሆነ በሌሎቹ የከተማዪቱ ትምህርት ቤቶች የነበረው ተማሪ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ የገጠሩን ኑሮ አይቶ የተመለሰ፣ ለማወቅ የተራበ ወጣት ነበር። ስለ ቅንነቱ ጥርጥር የለም። ጥያቄው ድርጅቱ ያንን ቅንነት ምን አደረገው? የሚል ነው።

በ1968 መጨረሻና በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ በፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ከባድ ልዩነት ተነሣ። የፓርቲው የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ የነበረው ብርሃነ መስቀል ረዳና የቀድሞው «አብዮት» ቡድን መሥራች ጌታቸው ማሩ በከተማ የሚካሄደውን የትጥቅ እርምጃ ተቃወሙ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በአዲስ አበባ በጥይት ሲገደል፣ ያ እርምጃ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማስተዋል ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። የሁለቱ ሰዎች አቋም ትክክል ይሁን ስሕተት፣ በአባላት ፊት ሊቀርብና ሊመረመር የሚገባው አቋም ነበር። የተሰጠው መልስ ግን አንድ ቃል ሆነ፦ አንጃ።

ይህ ቃል በየመዋቅሩ እንዲወርድ ተደረገ። የአንጃዎቹ ሐሳብ ግን በሙላት አልወረደም። አባሉ ያላነበበውን ጽሑፍ እንዲያወግዝ፣ ያልሰማውን ክርክር እንዲኮንን ተጠየቀ። ጌታቸው ማሩ በገዛ ፓርቲው ተይዞ በ1969 ዓ.ም. በፓርቲው እጅ ተገደለ። ብርሃነ መስቀል ከከተማ ሸሽቶ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣ፤ በኋላም በደርግ ተይዞ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። በፓርቲው ሠራዊት ውስጥም በትግራይ በረሃ አንጃ ተብለው በጓዶቻቸው የተረሸኑ አባላት ነበሩ። ከደርግ ጥይት ያመለጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ከስማቸው ግን ሊያመልጡ አልቻሉም።

«ከበባው አስገድዶ ነው» የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ከበባ መኖሩ እርግጥ ነው፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ፣ በሚያዝያም ሊቀ መንበሩ በአብዮት አደባባይ ደም የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰባብሮ ያወጀው የነጻ እርምጃ ዘመን ማስረጃ ነው። ከበባ ምሥጢር እንዲጠበቅ ሊያስገድድ ይችላል፤ ስብሰባን ሊያሳጥር፣ ጉባኤን ሊያዘገይ ይችላል። የተለየ ሐሳብ ያለውን ጓድ ግደል ብሎ ግን ከበባ አያዝም። እንዲያውም በተከበበ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ከሁሉ የሚያስፈልገው «መውጫው በዚህ አይደለም» የሚለውን ጓዱን መስማት ነው። ያ ድምፅ በመታፈኑ ቤቱ ከነነዋሪው ነደደ።

ለዚህ መከላከያ ንድፈ ሐሳባዊ ድጋፍ የሚፈልጉ ወገኖች ሌኒንን ይጠራሉ። ሌኒን በ1906 እ.ኤ.አ. የጻፈው ግን በፓርቲ ፕሮግራም ወሰን ውስጥ የሒስ ነጻነት ሙሉ እንዲሆን፣ አንድነትም በተወሰነ ተግባር ላይ እንዲጠየቅ ነበር። በፓርቲ ውስጥ ቡድን መፍጠርን የከለከለው የ10ኛው ጉባኤ ውሳኔ የመጣው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በ1934 እ.ኤ.አ. በተካሄደው 17ኛው ጉባኤ ከተመረጡት 139 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትና ተለዋጭ አባላት መካከል 98ቱ ተይዘው መገደላቸውን ክሩሽቾቭ በ1956 እ.ኤ.አ. ለ20ኛው ጉባኤ ተናግሯል። ይህ የተነገረው ኢሕአፓ ከመመሥረቱ 16 ዓመት አስቀድሞ ነው። እንግዲህ አንጃን በጥይት የማረም መንገድ የት እንደሚያደርስ ሳይታወቅ ተገባበት ሊባል አይቻልም። የፖለቲካ ትምህርት ማለት ይህንን ምዕራፍ ማንበብ ነበር። ከመጻሕፍቱ መካከል የድል ምዕራፎችን ብቻ መርጦ የሚያስጠና ድርጅት አባላቱን አላስተማረም፤ አስጠናቸው እንጂ።

መ. ጸጥ ያለው ፓርቲ

በሥልጣን ላይ የነበረው ወገን ደግሞ ችግሩን በሌላ መንገድ «ፈታው»። ለደርግ ያገለገሉት ድርጅቶች በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅቶች ኅብረት በሚል ስም ቢሰባሰቡም ኅብረቱ አባላቱን በተራ በተራ በላ። መኢሶን በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ኅቡዕ ገባ፤ የሕዝብ ድርጅቱን ጽሕፈት ቤት የመራው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ፣ እንደ ብርሃነ መስቀል ሁሉ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። ኢጭአት፣ ወዝ ሊግና ማሌሪድም ተራቸው ደረሰ። በመጨረሻ የቀረው የመኮንኖቹ ሰደድ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ብርሃነ መስቀልና ኃይሌ ፊዳ፣ በሕይወት ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲሟገቱ ያልፈቀደላቸው ፖለቲካ በአንድ ዓመት በአንድ እጅ አስገደላቸው።

በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. ፓርቲው ራሱ ተመሠረተ። በዚህ ፓርቲ ውስጥ አንጃ አልነበረም። ግራ ቀኝ አልነበረም። ሰነዶቹ በአንድ ድምፅ ጸደቁ፤ አባላቱ የፖለቲካ ትምህርት በየሳምንቱ ተከታተሉ፤ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም መዝገበ ቃላት ሳይቀር ታተመላቸው። የመጀመሪያው አባባል የሚናፍቀው ዲሲፕሊን ይህ ከሆነ፣ ከዚህ የበለጠ ዲሲፕሊን ከወዴት ይመጣል?

ፈተናው ሲመጣ ግን የሆነው ይህ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲጓዝ ከፍተኛ ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከእነርሱም መካከል የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ይገኙባቸው ነበር። በፓርቲያቸው ስብሰባ ላይ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል መናገር ያልቻሉ ሰዎች በታንክ ለመናገር ተገደዱ፤ በዓመቱም 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በ1982 ዓ.ም. ፓርቲው ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን ትቶ ስሙን የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ አደረገ። አሥር ዓመት ሙሉ ሲጠና የኖረ ርዕዮተ ዓለም እንደ ካፖርት ሲወልቅ፣ «ለምን?» ብሎ በአደባባይ የቆመ መሠረታዊ ድርጅት አልታየም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ከአገር ሲወጣም ፓርቲው ያለ አንድ ስብሰባ በነነ። የሌኒን ሐውልት በወጣቶች ሲፈርስ ከሐውልቱ ፊት የቆመ ካድሬ አልነበረም።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በድርጅት ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። የማያምንበትን የሚያጨበጭብ አባል ለድርጅቱ ኃይል አይደለም፤ ቁጥር ነው። ይህ ፓርቲ የወደቀው ዲሲፕሊን ስላነሰው ሳይሆን ከዲሲፕሊን በቀር ሌላ ነገር ስላልነበረው ነው።

ሠ. የደራሲው ዕዳ

ይህ ጉዳይ የካድሬ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የኪነ ጥበብ ሰው ቢኖር በዓሉ ግርማን ያስታውስ። በዓሉ ጋዜጠኛና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በኤርትራ በቅርብ አይቷል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጣው «ኦሮማይ» ያንን ዘመቻ ከነካድሬዎቹ፣ ከነስብሰባዎቹ፣ ከነባዶ መፈክሮቹ የሚያሳይ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

ነገሩ በጥሞና ሲታይ፣ በዓሉ ያደረገው ድርጅቱ ራሱ በየስብሰባው «አድርጉ» ሲል ይሰብክ የነበረውን ነው። ሒስና ግለ ሒስ ጻፈ። በሥራው ውስጥ የነበረ ሰው ሥራውን በውስጥ ዓይን አይቶ ጉድለቱን ለሕዝብ አሳየ። ሒስ የድርጅት እስትንፋስ ነው ይባል ከነበረ፣ ከዚህ የተሻለ አባል ከወዴት ይገኛል? የተሰጠው ምላሽ ግን ለደራስያን ሁሉ አንድ መመሪያ አስተላለፈ፤ ሒስ የሚፈቀደው ወደ ታች ነው፣ ወደ ላይ አይደለም። ከዚያ በኋላ በየመድረኩ የቀረቡ ብዙ ሥራዎች የትራክተርና የመዶሻ ሥዕል የበዛባቸው ለምን እንደ ነበር የሚጠይቅ መልሱን እዚህ ያገኘዋል። ጥበብ የደረቀው የጥበብ ሰው ስላልነበረ ሳይሆን የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ረ. ከግለ ሒስ እስከ ግምገማ

«ይህ ሁሉ ያለፈ ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ግለ ሒስ ስሙን ለውጦ ግምገማ ተብሎ ከበረሃ ወደ ከተማ ገባ። በሕወሓት ታጋዮች ዘንድ በትጥቅ ትግሉ ዘመን የተገነባው ይህ ልማድ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ወረደ። ግምገማ በመልካም ጎኑ አለቃን በበታቹ ፊት ማቆም ይችል ነበር፤ ይህ አይካድም። በመጥፎ ጎኑ ግን ከስብሰባው በፊት የተወሰነን ውሳኔ ከስብሰባው የወጣ ለማስመሰል አገለገለ። በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለሁለት ሲከፈል፣ ተቃውሞ ያሰሙት 12 ያህል አባላት ከድርጅቱ ተወገዱ፤ ከመካከላቸውም በሙስና ተከስሰው የታሰሩ ነበሩ። ሙስናው እውነት ከነበረ ከመቃወማቸው በፊት ለምን አልታየም? እውነት ካልነበረ ከተቃወሙ በኋላ ለምን ታየ? የዚህ ጥያቄ ሁለቱም መልሶች ዲሲፕሊኑን ይከስሳሉ። ድርጅቶቹ በስምና በዓላማ ይለያያሉ፤ በጥይት መግደልና በፍርድ ቤት መክሰስም አንድ አይደሉም። አንድ የሚያደርጋቸው፣ የተቃዋሚው ሐሳብ ሳይመለስ ተቃዋሚው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሰ. ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው አባባል ዲሲፕሊንን ይናፍቃል፤ ሁለተኛው ትምህርትን ይረግማል። ትክክለኛው መደምደሚያ ሁለቱን መልሶ ማገናኘት ነው። ይህም በመፈክር ሳይሆን ሊጨበጡ በሚችሉ ሁኔታዎች ነው።

አንደኛ፣ የሚወገዘው ሐሳብ በባለቤቱ ቃል ሳይቀርብ ውግዘት አይጠየቅ። ያልተነበበን ጽሑፍ የሚያወግዝ አባል ነገ ያላየውን ሰው ይገድላል።

ሁለተኛ፣ ከሳሽ ዳኛ አይሁን። አመራሩን የነቀፈ አባል በዚያው አመራር ሊዳኝ አይገባውም።

ሦስተኛ፣ ግለ ሒስ ከላይ ይጀመር። ተራው አባል ስሕተቱን በሚናዘዝበት አዳራሽ ሊቀ መንበሩ የማይሳሳት ከሆነ፣ ያ ስብሰባ ትምህርት ሳይሆን ምርመራ ነው።

አራተኛ፣ መውጫ በር ይኑር። ከድርጅት የወጣ ሰው ከሃዲ ተብሎ እንጀራውን ወይም ሕይወቱን የሚያጣ ከሆነ፣ በውስጥ የቀሩት በእምነት ይቅሩ ወይም በፍርሃት ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ አመራሩም ቢሆን።

እነዚህ ሁኔታዎች ለድርጅት ብቻ አይደሉም። በኮተቤ ለብዙ ዘመን ከተመረቁት መምህራን መካከል የተባለውን የሚያስደግም ብቻ ሳይሆን የተባለውን የሚያስመረምር መምህር በየክፍሉ ቢገኝ፣ ካድሬው የሚቀበለው ወጣት ቀድሞውኑ መጠየቅን የተማረ ይሆናል። ተዋናዩም፣ ሠዓሊውም፣ ደራሲውም ሥራቸው በድርጅት ዐዋጅ ሳይሆን በተመልካች ዓይን ሲዳኝ ብቻ ሒስ የሚለው ቃል ቀድሞ የነበረውን ክብር መልሶ ያገኛል።

ከመስቀል አደባባይ ዳር፣ የቦሌ መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል። በግድግዳዎቹ ላይ የወጣቶች ፎቶግራፍ በረድፍ ተደርድሯል፤ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ እንደሚነሡት ፊት ለፊት የሚያዩ ናቸው። ሙዚየሙ የቆመው መንግሥት ለገደላቸው ነው፤ መቆሙም ተገቢ ነው። በገዛ ድርጅታቸው «አንጃ» ተብለው የወደቁትን ለማስታወስ ግን ሐውልት ያቆመ ድርጅት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሐውልቱን ማቆም ስሕተቱን ማመን ነውና። ያንን መንገድ ወደ ምሥራቅ የተከተለ ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ይደርሳል፤ በ1968 ዓ.ም. መስከረም ሠራተኞች ወረቀት ሲያድሉ የወደቁበት ስፍራ ነው። በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። የአንድ ትውልድ የፖለቲካ ትምህርት ግን በዚያ አጭር መንገድ ላይ ተጀምሮ አለቀ፤ የተጀመረው ወረቀት በማንበብ ነበር፣ ያለቀው ንባቡን በመከልከል ነው። አዲሱ ትውልድ ዲሲፕሊን ያስፈልገዋል ከተባለ፣ ከወረቀቱ ይጀምር፤ ይነበብ፣ ይመለስለት፣ ተሸናፊውም በሕይወት ቤቱ ይግባ።